የኮምፒውተር ኬዝ ቤት ውስጥ በትንሽ ብር መቀባት፦ ሁሌ የምጠየቃቸው ጥያቄዎች

አንዲት ቢጫ የሆነች የቢሮ ዴስክቶፕ ነበረችኝ፣ ባለፈው በጋ ፈታትቼ ኬዟን፣ ማለትም የውጭ ሳጥኗን፣ ጥቁር አረንጓዴ ቀባሁትና ያያት ሁሉ «የት ነው የገዛሃት?» ማለት ጀመረ። ከዛ የጓደኛዬን ቀባሁ፣ ከዛ የጓደኛዬን ጓደኛ፣ አሁን ስንተኛው ላይ እንዳለሁ ጠፍቶብኛል። የሚጠይቁኝ ነገር ግን ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፣ በቴሌግራም ቮይስ ስመልስ ከማድር አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ደሞ ቀድሜ ልናገር፣ እኔ ጋራዥ ተምሬ የወጣሁ ቀለም ቀቢ ሳልሆን ብዙ ዕቃ አበላሽቶ የተማረ ሰው ነኝ።

ለምን እቀባለሁ? አዲስ ኬዝ ገዝቼ ዕቃውን አላዛውረውም?

ኖርማል በየዕቃው ተገጣጥሞ የተሠራ ኮምፒውተር ከሆነ ማዛወር ትችላላችሁ። ግን አብዛኞቻችን ጋ ያለው ያገለገለ የቢሮ ማሽን ነው፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይ ኤችፒ ምናምን። እነዚህ ማሽኖች ብዙዎቹ የራሳቸው ቅርጽ ያለው ማዘርቦርድ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) እና ፓወር ሰፕላይ (ኮረንቲ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ነው ያላቸው፣ የፊት ለፊት የማብሪያው ገመድ እንኳን ሶኬቱ የተለየ ነው፣ ስለዚህ ቆንጆ ኬዝ ገዝታችሁ መጥታችሁ ብሎኑ አልገጥምም ሲላችሁ ማልቀስ ነው። ያለውን ኬዝ መቀባት ርካሽ ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ያለው ምርጫ እሱ ብቻ ነው።

ምን ምን ልግዛ? ስንት ያስወጣል?

ብሩን አልጽፍም፣ ዛሬ ብጽፈው ሳምንት ይቀየራል። መጠኑን ልንገራችሁ። አንድ መካከለኛ ኬዝ ሁለቱ ጎኖቹ በግምት 45 በ45 ሴንቲ ሜትር ናቸው፣ ላዩንና ፊቱን ስትጨምሩ ወደ 0.6 ካሬ ሜትር ይመጣል። ሦስት ዙር ስትቀቡት 1.8 ካሬ ሜትር ሆነ ማለት ነው። አንድ ባለ 400 ሚሊ ሊትር ስፕሬይ ደግሞ ለአንድ ዙር ከ1.5 እስከ 2 ካሬ ሜትር ነው የሚሸፍነው፣ ከዛ ውስጥ ግማሹን ነፋስ ነው የሚቀባው። ስለዚህ 2 ጣሳ ቀለም፣ 1 ጣሳ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚረጭ፣ ቀለሙ እንዲይዝ የሚያደርግ)። ውስጡንም እቀባለሁ ካላችሁ አንድ ጣሳ ጨምሩ።

ሌላው ጥቃቅን ነው። የብርጭቆ ወረቀት ባለ 240፣ 400 እና 600 ቁጥር አንዳንድ ወይ ሁለት ሁለት፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ላርጎ፣ ከፋርማሲ አልኮል፣ የድሮ ጋዜጣ፣ ትልቅ ካርቶን፣ ቀጭን ሽቦ። ካቻቢቴ ከሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ።

መርካቶ የቀለምና የመኪና ዕቃ ሱቆች ጋ ስትገዙ ሁለቱን ጣሳ አንድ ዓይነት ብራንድ፣ ከታች የታተመው ቁጥርም አንድ ዓይነት የሆነ ምረጡ። «ጥቁር ጥቁር ነው» ብዬ ሁለት የተለያየ ገዝቼ አንዱ ጎን ጥቁር ሌላው ጎን ግራጫ ቢጤ ሆኖብኛል። ጣሳውን አራግፉት፣ ውስጡ ያለችው ኳስ በነፃነት መንኳኳት አለባት፣ ድም ድም የሚል የታፈነ ድምፅ ካለው ቀለሙ ረግቷል ማለት ነው፣ ተዉት። ገንዘብ ካነሳችሁ ከቀለሙ ብራንድ ላይ ቀንሱ፣ ከብርጭቆ ወረቀቱና ከፕራይመሩ ላይ ግን አትቀንሱ፣ ርካሽ ቀለም በደንብ የታሸ ላሜራ ላይ ዓመት ይቆያል፣ ውድ ቀለም ያልታሸ ላይ ወር አይቆይም።

የትኛው ክፍል ይቀባል፣ የትኛውስ አይነካም?

ኬዙ፣ የጎን ላሜራው፣ የፊት ፕላስቲኩ፣ የሲዲ ማጫወቻው የፊት ሽፋን፣ ዕቃ የሚታሰርባቸው የውስጥ ላሜራዎች፣ እነዚህን እንደፈለጋችሁ። የራም የብረት ልብስ ካለው እሱም ይቻላል፣ ግን የወርቅ ቀለም ያላቸውን ጥርሶች በደንብ ሸፍናችሁ፣ በስሱ። የግራፊክስ ካርድ የፕላስቲክ ሽፋን ከካርዱ ላይ ከወረደ ይቀባል፣ ካርዱ ላይ እንዳለ ግን በፍፁም።

ማዘርቦርድ አይነካም። አንድ ልጅ «በጥቁር ስፕሬይ ብነፋው ውድ ማዘርቦርድ አይመስልም?» ብሎኛል፣ ይመስላል፣ ከዛ በኋላ ግን አይበራም፣ ሶኬቶቹ ውስጥ አንዴ ቀለም ከገባ ማንም አያወጣላችሁም፣ የብር ወይ የወርቅ ዓይነት የሚያብረቀርቅ ቀለም ደግሞ ውስጡ የብረት ብናኝ ሊኖረው ስለሚችል ሾርት ሊያደርግ ይችላል።

ፓወር ሰፕላይ ላይ ቆም በሉ። ሽፋኑን ለብቻው ለመቀባት ብላችሁ አትክፈቱት። 220 ቮልት ገብቶ ሲቀየር ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር (ኮረንቲ የሚያጠራቅመው) ወደ 310 ቮልት ነው የሚይዘው፣ ከሶኬት ከነቀላችሁት በኋላም ሊቆይ ይችላል። «ነቅዬዋለሁ'ኮ» አይሠራም። መቀባት ካለበት ሳይከፈት፣ ማራገቢያው ያለበት ወንፊት፣ የኃይል ሶኬቱና ገመድ የሚወጣበት ቀዳዳ ሁሉ ተጠቅልሎ ከውጭ ብቻ፣ እኔ ግን ጥቁር ስቲከር ለጥፌ ነው የማልፈው፣ ያው ኬዝ ውስጥ ነው ማን ያየዋል።

የሲፒዩ ሂትሲንክ (ሙቀቱን የሚያወጣው ክንፍ ክንፍ ያለው ብረት) ሲፒዩውን የሚነካው ታችኛው ፊት ላይ ጠብታ ቀለም አይረፍበት፣ ክንፎቹ ላይም ወፍራም ቀለም ክፍተቱን ይዘጋል። ሃርድ ዲስክ ላይ ደግሞ ብዙዎቹ «ይህን ቀዳዳ አትሸፍኑ» የሚል ጽሑፍ አጠገቡ ያለ ትንሽ ቀዳዳ አላቸው፣ ዲስኩ የሚተነፍስበት ነው፣ ስለዚህ ሃርድ ዲስክን እንዳለ ተዉት። ፋን ከሆነ ፍሬሙን ቀቡ፣ ምላጮቹ ላይ ቀለሙ አንዱ ላይ ከበዛ ሚዛኑ ይዛባና ሌሊት እንደ ወፍጮ ቤት ሲያጉረመርም ታድራላችሁ።

ሳልፈታው ፕላስተር ለጥፌ ብቀባውስ?

አይሆንም። የስፕሬይ ብናኝ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። ፍቱት፣ እያንዳንዱን ደረጃ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ብሎኖቹን በእንቁላል ካርቶን ከፋፍላችሁ አስቀምጡ ምክንያቱም የኬዙ ብሎንና የኤስኤስዲው (የፋይል ማስቀመጫው) ብሎን ጥርሳቸው አንድ አይደለም፣ ካሳሳታችሁት የቀዳዳውን ጥርስ ትበሉታላችሁ።

ማጠብና ማሸት ያን ያህል የግድ ነው? በቀጥታ ብረጨውስ?

ሁሉም ሰው መዝለል የሚፈልገው ይሄን ነው፣ እኔም የመጀመሪያዋን የዘለልኩት ይሄን ነው። ደረቅ ጨርቅ አስነካሁና ነፋሁት፣ ማታ ሲታይ ቆንጆ ነበር፣ በሦስተኛው ሳምንት ፍላሽ ስሰካ ጥፍሬ ነካውና እንደ ተቀቀለ እንቁላል ልጣጭ ተነሳ። ሙሉውን ላጥኩት፣ ሁለት ሰዓት እንኳን አልፈጀብኝም፣ ከተቀባ ነገር ይልቅ ከተለጠፈ ፌስታል ነው የሚመስለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኬዙ ላይ ያለው የፋብሪካ ቀለም ለስላሳ ነው፣ ላዩ ላይ ደግሞ ለዓመታት የሰው እጅ የነካው ቅባት አለ፣ የቢሮ ማሽን ከሆነማ ጽዳት ሠራተኛ በየቀኑ በማንፀባረቂያ የወለወለችው ሊሆን ይችላል። ቀለም ቅባት ላይ አይዝም፣ ለስላሳ ነገር ላይም የሚጨብጠው የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ማጠብ ከዛ ማሸት ነው፣ ቀድማችሁ ካሻችሁት ቅባቱን ወደ ጭረቱ ውስጥ ነው የምትከቱት።

በለብ ያለ ውሃና ላርጎ በስፖንጅ እጠቡት፣ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። መንጻቱን ማወቅ ከፈለጋችሁ ውሃ አፍስሱበት፣ ውሃው እንደ አንሶላ ተዘርግቶ ከወረደ ነፅቷል፣ ኳስ ኳስ ሠርቶ ከተንከባለለ ቅባት አለ፣ ድገሙት። ከዛ በባለ 400 ወረቀት፣ ውሃ እየነካችሁ፣ ማንፀባረቁ ጠፍቶ እንደ ጥቁር ሰሌዳ እስኪደበዝዝ ድረስ። የድሮውን ቀለም እስከ ብረቱ ማውረድ አያስፈልግም፣ ማደብዘዝ ነው። የተቧጠጠና የዛገ ቦታ ካለ ግን እዛ ጋ በ240 ዝገቱን ጨርሱ፣ ጠርዙን በ400 አለስልሱ፣ ጎድጎድ ካለ የመኪና ስቱኮ በስሱ።

በውሃ ማሸቱ ለሌላም ነገር ይጠቅማል፣ አቧራው አይቦንም። ድሮ የተቀባ፣ ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ የማታውቁት ዕቃ ከሆነ ውስጡ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖር ይችላል። ኢትዮጵያ ቀለም ውስጥ የሊድን መጠን 90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) ላይ የገደበችው በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ ነው፣ ከዛ በፊት የተቀባውን ማንም አልለካላችሁም። ልጅ ባለበት ቤት ደረቁን አትፈግፍጉ።

የኬዙ የውስጥ ክፍል ያልተቀባ ግራጫ ብረት ከሆነ ደግሞ እሱ በዚንክ የተለበጠ ነው፣ የዘይት ቀለም በቀጥታ ከቀባችሁት ከጊዜ በኋላ ይላጣል። በደንብ አሽታችሁ ለጋልቫናይዝድ የሚሆን ፕራይመር ካገኛችሁ እሱን፣ ካላገኛችሁ ውስጡን ተዉት፣ ግራጫም ያምራል።

ከታጠበ በኋላ እጃችሁን ቫዝሊን ወይ የፀጉር ቅባት ነክቶት ከሆነ ላሜራውን አትንኩት። ልትረጩ ስትሉ በአልኮል በነካ ንጹህ ጨርቅ አንዴ ጥረጉና በቃ።

ፕላስቲኩን በቲነር ባጸዳውስ?

ኧረ ተዉ! የፊት ሽፋኑ አብዛኛውን ጊዜ ኤ.ቢ.ኤስ የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ ከውስጥ በኩል ገልብጣችሁ ብታዩት ተጽፎበታል። የቀለም ቲነርና አሴቶን ይሄን ፕላስቲክ ያሟሙታል። አንድ ወዳጄ የስቲከር ሙጫ ላስለቅቅ ብሎ በቲነር ጠረገውና ጨርቁ ላይ የፕላስቲኩ ቀለም መጣለት፣ ቦታው እንደ ተላሰ ከረሜላ ሆነ። ላርጎ፣ አልኮል፣ ከዛ ባለ 600 ወረቀት ይበቃል። ለስቲከር ሙጫ የምግብ ዘይት ቀብታችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ፈግፍጉት፣ ዘይቱን ግን በላርጎ ሙልጭ አድርጋችሁ አውጡ።

ከውስጥ ያለው ጽሑፍ ፒ.ፒ (ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነው) የሚል ከሆነ ልዩ የፕላስቲክ ፕራይመር ያስፈልገዋል፣ ያለዛ አይዝም።

ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ የት ልርጨው?

ቤት ውስጥ አይሆንም። ጣሳውን የሚገፋው ጋዝ የሚቀጣጠል ነው፣ ቀለሙ ውስጥ ያለው ቲነርም እንደዛው፣ እና እኛ ቤት ሁልጊዜ የሆነ ቦታ እሳት አለ፣ ቡና ተፈልቶ የከሰል ፍም አለ፣ ዕጣን አለ፣ ስቶቭ አለ። ኩሽናው አጠገብ ያለ በረንዳ ከሆነ ቡናው እስኪያልቅ ጠብቁ ወይ ሌላ ቀን አድርጉት።

በረንዳ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ ረጭቼ ረጭቼ ስጨርስ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ያሰጣችው ነጠላ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ነጥብ ወርዶባታል። «አንተ ልጅ ምን በደልኩህ?» ስትለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፣ ነጠላውን ተክቻለሁ፣ የኬዙን ቀለም ዋጋ ሦስት እጥፍ ማለት ነው፣ «በትንሽ ብር» የሚለው ርዕስ እዛ ጋ አለቀ።

ከዛ ወዲህ የትልቅ ቴሌቪዥን ወይ የፍሪጅ ካርቶን አንድ ጎኑን ቆርጬ ውስጡ ዕቃውን በሽቦ አንጠልጥዬ ነው የምረጨው፣ ብናኙ ካርቶኑ ላይ ይቀራል። መሬት ላይ አቧራ እንዳይነሳ ውሃ እረጫለሁ። የተሻለው ግን የኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያለ ክፍት ቦታ ወይ ጣሪያ ላይ ነው፣ ጥበቃውን አስፈቅዳችሁ።

ማስክ በተመለከተ፣ ያ ከኮሮና ጊዜ የተረፈው ማስክ ብናኙን ትንሽ ይይዛል እንጂ ሽታውን አይይዝም። ስለዚህ የቲነሩ ሽታ እንዳይበዛባችሁ ነፋሱ ከጀርባችሁ እንዲመጣ ቁሙ፣ ራስ ምታት ከጀመራችሁ አቁማችሁ ራቁ። ሕፃን ልጅና ነፍሰ ጡር ካለች አካባቢው አይቅረቡ።

ክረምት ላይ መቀባት ይቻላል?

አዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ባትሞክሩት ይሻላል። እርጥበት ሲበዛ ቀለሙ ሲደርቅ አየሩ ውስጥ ያለውን ውሃ ይስብና ላዩ ላይ ወተት የፈሰሰበት ዓይነት ጭጋግ ይሠራል፣ በተለይ ጥቁርና ክሊር (ከላይ የሚደረበው ቀለም አልባው) ላይ ያስጠላል። ከጥቅምት ጀምሮ ጥሩ ነው፣ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ላይ ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ አትቸኩሉ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት አካባቢ፣ ፀሐዩ ሞቅ ብሎ ነፋሱ ሳይነሳ። ጣሳው ከቀዘቀዘ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አምስት ደቂቃ አስቀምጡት፣ ለብ ነው ያልኩት፣ ምድጃ ላይ ወይ የፈላ ውሃ ውስጥ ከከተታችሁት ቦምብ ነው፣ ጣሳው ላይም ከ50 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ተጽፏል። አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳር ያላችሁ ብርዱን እርሱት፣ እናንተ ጋ ችግሩ ላሜራውን ፀሐይ ላይ አግላችሁ መቀባት ነው፣ ጥላ ውስጥ አድርጉት።

እሺ፣ እንዴት ነው የሚረጨው?

ጣሳውን ሁለት ደቂቃ ሙሉ አራግፉ፣ ሰዓት ይዛችሁ። መጀመሪያ ካርቶን ላይ ሞክሩ። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ራቁ፣ መርጨት የምትጀምሩት ዕቃው ጋ ከመድረሳችሁ በፊት፣ የምታቆሙት ካለፋችሁ በኋላ፣ እጃችሁ እንደ ቀስት ሳይዞር ቀጥ ብሎ ይሂድ፣ እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን በግማሽ ይሸፍን።

የመጀመሪያው ዙር አስቀያሚ መሆን አለበት። የታችኛው ቀለም እየታየ፣ ነጥብ ነጥብ ብሎ፣ «ይሄ ነገር አይሆንም» የሚያስብል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ አንዴ ልሸፍነው ይልና ያወርደዋል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ሁለተኛ ዙር፣ ጠብቁ፣ ሦስተኛ። አብዛኞቹ ጣሳዎች ላይ «በ1 ሰዓት ውስጥ ወይም ከ24 ሰዓት በኋላ ድጋሚ ቀቡ» ዓይነት ነገር ተጽፏል፣ አንዳንዱ 48 ይላል፣ ያንን አንብቡና አክብሩ። መሀሉ ላይ፣ ማለትም ከላይ ደርቆ ከታች ገና ለስላሳ ሆኖ እያለ ከደረባችሁበት አዲሱ ቀለም የታችኛውን ያስነሳውና እንደ አሮጊት እጅ ይሸበሸባል።

ፕራይመሩ ላይም እንደዚሁ ሁለት ስስ ዙር፣ ሲደርቅ በ600 በቀስታ፣ ጠረግ፣ ከዛ ቀለም።

የማብሪያዋን ቁልፍ ጠርዝ በስሱ አድርጉት፣ ቀለም ከወፈረባት ስትጫን ገብታ ትቀራለች፣ ኮምፒውተሩ ራሱን ያጠፋል ያበራል፣ እናንተም ማዘርቦርዱ ተበላሸ ብላችሁ ቴክኒሺያን ጋ ትሮጣላችሁ፣ ደርሶብኛል።

ተበላሸብኝ፣ ምን ላርግ?

ቀለሙ ወርዶ እንባ ከሠራ በጣታችሁ አትንኩት፣ እርጥብ እያለ ማስተካከል የቻለ ሰው እስካሁን አላየሁም። ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን፣ ከዛ በ400 ከዛ በ600 በውሃ እኩል አድርጉና አንድ ዙር ድገሙ። እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሸከረ ርቃችሁ ረጭታችኋል ወይ ቀለሙ አየር ላይ ደርቋል፣ መድኃኒቱ አንድ ነው። ክብ ክብ ሆኖ ቀለሙ ከሸሸ ቅባት ቀርቷል፣ ማጠቡ ላይ ተሸውዳችኋል፣ አሽታችሁ እንደገና በላርጎ። የተሸበሸበውን ግን ማዳን አይቻልም፣ እስከ ታች አውርዳችሁ ከዜሮ።

ስፕሬይ ውድ ነው፣ ሌላ መንገድ የለም?

ሦስት አለ። አንዱ ሩብ ሊትር የዘይት ቀለም ገዝቶ በትንሽ የስፖንጅ ሮለር መቀባት ነው፣ ትንሽ ቲነር ጠብ አድርጋችሁ አቅጥኑት፣ ስስ ሁለት ዙር፣ በመሀል አንድ ቀን ማደር፣ በ600 መዳበስ። እንደ ስፕሬይ መስታወት አይሆንም ግን ከአንድ ሜትር ማንም አይለየውም፣ ለብረቱ ብቻ ነው ደሞ።

ሁለተኛው ጋራዥ ነው፣ እኔ በጣም የምወደው። ሰፈራችሁ ያለ ባትላሜራና ቀለም ቤት ሄዳችሁ ልጆቹን ተዋወቁ፣ መኪና ሲቀቡ የተበጠበጠ ቀለም ሁሌ ይተርፋል። አሽታችሁና አጥባችሁ ካመጣችሁላቸው መኪናውን ሲረጩ በዛው እጃቸው ላሜራችሁን ያስነኩላችኋል፣ የሻይ ነው የሚጠይቋችሁ። ቀለሙን መምረጥ ግን የለም፣ የዛን ቀን የገባው መኪና ቀለም ነው፣ አንዱ ጓደኛዬ ሰማያዊና ነጭ ወጥቶለት ኮምፒውተሩን «ሚኒባሷ» እንላታለን፣ ረዳት ብቻ ነው የሚጎድላት። ሃርድነር (ማጠንከሪያ ኬሚካል) የሚገባበትን የመኪና ቀለም ግን ወስዳችሁ ቤት እንዳትረጩት፣ እሱ ውስጥ ያለው ኬሚካል ሳንባ ላይ አደገኛ ነው።

ሦስተኛው የባጃጅ ስቲከር ቤት። ቁርጥራጭ ስቲከር አላቸው፣ ለአንድ የጎን ላሜራ የሚበቃ። ለተከራየ፣ በረንዳ ለሌለው፣ ነጠላ ለሚያሰጣ ጎረቤት ላለው ሰው ይሄ ይሻላል።

ነጭ የነበረ ፕላስቲክ ቢጫ ሆኗል፣ ሳልቀባው ወደ ነጭ ይመለሳል?

ይመለሳል፣ ለጊዜው። ቢጫ የሚያደርገው ፕላስቲኩና ውስጡ እሳት እንዳይይዘው የተጨመረው ብሮሚን ያለበት ኬሚካል በብርሃንና በሙቀት ሲለወጡ ነው። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የድሮ ኮምፒውተር ሰብሳቢዎች ሬትሮብራይት የሚሉት ዘዴ አለ፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማዋል ነው። የፀጉር ቀለም ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ባለ 12 በመቶው ክሬም አለ። ብረቱንና ስቲከሩን ነቅላችሁ፣ ጓንት አድርጋችሁ ቀቡት፣ በስስ ፌስታል ጠቅልላችሁ የበጋ ፀሐይ ላይ ጥቂት ሰዓት አውሉት፣ በየመሀሉ እያያችሁ እንዳይደርቅ፣ ከደረቀ ዥንጉርጉር ይሆናል። ዓይን ውስጥ እንዳይገባ። ከዓመታት በኋላ ቢጫው ሊመለስ ይችላል፣ አንዴ የተቀባ ግን ወደ ድሮው አይመለስም፣ ስለዚህ የምትወዱት የድሮ ማሽን ከሆነ ይሄን፣ ሌላው ከሆነ ቀቡት።

ላፕቶፕና ኪቦርድስ?

ላፕቶፕ ላይ እኔ ልቤ አይደፍርም። ክዳኑ ውስጥ የዋይፋይ አንቴና አለ፣ ብረት የበዛበት ቀለም ከቀባችሁበት ሲግናሉ ሊደክም ይችላል፣ ስክሪኑን ማውለቅም ለጀማሪ አይደለም። ስቲከር ይበቃዋል። ግን ብዙ ሰው ላፕቶፕ ቀቡልኝ ሲል ችግሩ ቀለም ሳይሆን ላዩ ላይ ያለው ላስቲክ መሳይ ልባስ ተበላሽቶ መጣበቁ ነው፣ እንደ ማር እጅ ይይዛል። ላፕቶፑን አጥፍታችሁ ባትሪውን ነቅላችሁ ልባሱን አልኮል በነካ ጨርቅ ደጋግማችሁ ፈግፍጉት፣ ተልጦ ይወጣና ከሥሩ ንጹህ ፕላስቲክ ታገኛላችሁ፣ ክንድ ያማል እንጂ ነፃ ነው።

የኪቦርድ ቁልፎች ጣት የሚያርፍባቸው ስለሆኑ በስፕሬይ የተቀባ ብዙ አይቆይም፣ ፊደሉም ይጠፋል። የአማርኛ ፊደል ስቲከር ለጥፉበት፣ ያምራል፣ ይጠቅማልም። የኪቦርዱን አካል ግን ቁልፎቹን ነቅላችሁ መቀባት ትችላላችሁ።

ስም ወይ ምስል ማውጣት ብፈልግ?

ቤት ውስጥ የቆየ የራጅ ፊልም አለ? እሱን በምላጭ ቆርጣችሁ ስቴንስል (ቀለም የሚያልፍበት የቅርጽ ማውጫ) አድርጉት፣ ከወረቀት ይሻላል ምክንያቱም ቀለም አይጠጣም፣ ታጥቦ ደግሞ ይሠራል። የእኛ ፊደል ላይ ግን አንድ ነገር አለ፣ መ፣ ወ፣ ዐ፣ ቀ ዓይነት ዓይን ያላቸው ፊደሎች መሀላቸው ተቆርጦ ይወድቃል፣ ስለዚህ ቀጭን ድልድይ ተዉላቸው። ያለዛ ስማችሁ በጥቁር ድንቡልቡል ይጻፋል። የመጀመሪያው ቀለም ሁለት ቀን ካልደረቀ ፕላስተሩ ይዞት ይነሳል።

ኬዙን ስነካው ይነዝረኛል፣ ቀለም ብቀባው ይተዋል?

ይሄን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው ብዛት! አይተውም። ብዙ ጊዜ ሶኬታችሁ አርዝ (ኮረንቲውን ወደ መሬት የሚያወርደው መስመር) ስለሌለው ነው። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ረብሻ የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች ከኬዙ ጋር የተገናኙ ናቸው፣ አርዝ ከሌለ ኬዙ የኮረንቲውን ግማሽ፣ ወደ 110 ቮልት ይይዛል፣ የሚያልፈው በጣም ትንሽ ስለሆነ ነው ንዝረት ብቻ የሚሰማችሁ። ቀለም ጣታችሁን ይጋርደው ይሆናል፣ ብሎኑና የዩኤስቢው አፍ ግን ያው ብረት ነው። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አርዝ አስገቡ። በነገራችን ላይ ውስጡን የምትቀቡ ከሆነ የማዘርቦርዱ ብሎኖች የሚያርፉበት፣ ፓወር ሰፕላዩ የሚታሰርበትና የጎን ላሜራው የሚንሸራተትበት ቦታ ባዶ ብረት ሆኖ ይቅር፣ በፕላስተር ሸፍኑት፣ አርዙ የሚሄደው በዛ ነው።

መቼ ነው መልሼ የምገጥመው?

በእጅ ሲነካ በግማሽ ሰዓት ደረቅ ይመስላል፣ ውሸቱን ነው። እኔ አንድ ሳምንት ነው የምጠብቀው፣ ቢያንስ ግን ሦስት ቀን። በማይታይ ጥግ ጥፍራችሁን ጫን አድርጉ፣ ምልክት ከቀረ አልደረሰም። አስጠግታችሁ አሽትቱት፣ አሁንም የቀለም ሽታ ካለ ቲነሩ ገና እየወጣ ነው፣ ሞቃት ማሽን ከገባበት ቤቱ በሙሉ ይሸታል። ፕላስተሩን ግን እስከዛ አትጠብቁ፣ የመጨረሻውን ዙር ከረጫችሁ በኋላ ሳይደነድን በቀስታ ወደ ጎን እየሳባችሁ አንሱት።

የተረፈውን ስፕሬይ ምን ላድርገው?

ጣሳውን ገልብጣችሁ ቀለም መውጣት አቁሞ ጋዝ ብቻ እስኪወጣ ድረስ ሁለት ሦስት ሰከንድ ርጩ፣ አፉ አይደፈንም። ምድጃና ፀሐይ የሌለበት ቦታ፣ ልጆች የማይደርሱበት። አንድ ጭረት ስትፈጠር ክዳን ላይ ትንሽ ረጭታችሁ በጥርስ ማጽጃ እንጨት ጫፍ ነካ ነካ ታደርጉበታላችሁ።